መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ካርቶን

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜአለሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ብጤው በየከተማው ስላለ አንዱን ለይቶ መጥራት ግፍ ይሆናል። ሕንፃው ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ለብሶ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሯል፤ አስፋልቱ ያለው ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው። ከውስጥ ሲያዩት ግን መስታወቱ የለም። ያለው ካርቶን ነው። የኬሚካልና የጓንት ካርቶኖች ተቀድደው፣ ተዘርግተው፣ በፕላስተር ተለጥፈውበታል፤ ካርቶን ያልበቃው ቦታ ላይ ያለፈ ዓመት ዐውደ ጥናት ባነር ተሰቅሏል። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ውስጥ አምፖሎቹ ሁሉ በርተዋል። ኤሲው 16 ዲግሪ ላይ ተደርጎ ያጓራል፤ የሚያንጠባጥበውን ውኃ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ይቀበለዋል። ከሥሩ ሁለት ዲፕ ፍሪዘሮች ጎን ለጎን ቆመው ሙቀታቸውን እዚያው ክፍል ውስጥ ይተፋሉ።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ አይቁሙ፤ ጀርባዎን ይጠብስዎታል» አለኝ ቴክኒሻኑ፣ ካርቶኑ የተላቀቀበትን ጥግ እያሳየኝ። ወዲያው ወንበር ላይ ወጥቶ መልሶ ለጠፈው። እጁ ለምዶታል።

የላቦራቶሪ ሕንፃ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከመሐንዲሱም፣ ከበጀት ኃላፊውም፣ ከራሱ ከተመራማሪውም አፍ የምሰማው አንድ አቋም አለ። ላቦራቶሪ ይታሸጋል፣ ይቀዘቅዛል፣ መብራት ይበላል፤ ጠባዩ ነው ይላሉ። ኃይል ቆጣቢ፣ ለአካባቢ ተስማሚ የሚባለው ነገር የጠገቡ አገሮች ጣጣ ነው፤ እኛ መጀመሪያ ላቦራቶሪው ይኑረን፣ አረንጓዴው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ደግሞስ መብራታችን ከውኃ አይደለም ወይ የሚመነጨው? ከዚህ በላይ ምን አረንጓዴ አለ?

ጨዋ ክርክር ይመስላል። ለድሃ አገር የሚቆረቆርም ይመስላል። እኔ ግን እዚያ ካርቶን ሥር ቆሜ ሳስበው፣ የድሃ አገርን ገንዘብ እንደዚህ አቋም የሚያባክን ነገር አልታየኝም። ሐዋሳ ላይ ቆጣቢ ሆኖ ያልተሠራ ላቦራቶሪ ውሎ አድሮ ላቦራቶሪነቱን ያጣል። ክርክሬ ይኸው ነው፤ ከአየሩ ልጀምር።

ላቦራቶሪ ከቢሮ ይልቅ በካሬ ሜትር አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይል ሊበላ መቻሉ እውነት ነው። ግን ለምን ይበላል? ዋናው በላተኛ ማይክሮስኮፑ አይደለም፤ አየሩ ነው። ኬሚካል የሚነካካበት ክፍል ያንኑ አየር እያዞረ ሊጠቀም አይችልም፤ ከውጭ አስገብቶ፣ አንዴ ተጠቅሞ፣ በጣሪያ በኩል መጣል አለበት። መርዛማ ትነት የሚስበውን ሁድ ውሰዱ። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ሁድ መስታወቱ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አየሩ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ፍጥነት ሲገባበት፣ በሰዓት ወደ 1,000 ሜትር ኩብ አየር ስቦ ወደ ሰማይ ይለቃል። ስቶክሆልም ወይም ቦስተን ላይ በጥር ወር ያ ሁሉ አየር ከዜሮ በታች ሆኖ ነው የሚገባው። 30 ዲግሪ ለማሞቅ 10 ኪሎዋት ያህል ይጠይቃል፤ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ እንደ መጣድ ማለት ነው፣ ለአንድ ሁድ! ያሞቁትን ደግሞ ወዲያው ይጥሉታል። የካሊፎርኒያው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች አንድ ሁድ የሦስት መኖሪያ ቤት ያህል ኃይል ይፈጃል ብለው ያሰሉት፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም ተመራማሪዎቹን «ሥራ ስትጨርሱ የሁዱን መስታወት አውርዱ» እያለ የሚቀሰቅሰው ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ማለዳው ቀዝቀዝ፣ ከሰዓቱ ሞቅ ይላል፤ በየካቲትና በመጋቢት 30 ዲግሪን የሚነካ ቀን አይጠፋም። የዓመቱ አብዛኛው የሥራ ሰዓት ግን ሸሚዝ ለብሰው በረንዳ ላይ የሚቀመጡበት አየር ነው። ሰሜኖቹ በውድ ማሽን የሚያዘጋጁት አየር እኛ ዘንድ በመስኮት ይገባል። ሁዱ የሚስበው 1,000 ሜትር ኩብ ከአቧራ ተጣርቶ ቢመጣለት ሌላ አይፈልግም። ይህን አየር በር ዘግቶበት፣ በመስታወት ምድጃ ሠርቶ፣ ምድጃውን መልሶ በኤሲ ማቀዝቀዝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሐዋሳ ላይ የሚያስቸግረው ፀሐዩ ነው፤ የፀሐይ መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆንን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ብታዘነብልም የቀትር ከፍታዋ ከ60 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም፤ በሰኔ በሰሜን በኩል ስትሆን ከ70 ዲግሪ በላይ ናት። ለሠሪው ይህ ምን ማለት ነው? ደቡብን የሚያይ፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት ቢኖርና ከላዩ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ሶሌታ ቢደረግለት፣ የዓመቱ ዝቅተኛዋ የቀትር ፀሐይ እንኳ መስታወቱን አታገኘውም። ሰሜን በኩል የዚያ ግማሽ ይበቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ግን ይህ ብልሃት አይሠራም፤ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በሶሌታው ሥር ትገባለች። ስለዚህ ሕንፃውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማስረዘም፣ ሰፊውን ጎን ለሰሜንና ለደቡብ መስጠት፣ በጠባቦቹ ጎኖች ላይ ደረጃውን፣ መጸዳጃውንና ዕቃ ቤቱን መደርደር ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያሻም፤ ጥላውን በእግሩ እየለካ ሰዓት የሚናገር እረኛ ያውቀዋል። እኛ ግን ሕንፃ የምናዞረው በፀሐይ ሳይሆን በአስፋልት ነው። ፊት ለፊቱ የት ነው ሲባል ሁልጊዜ መልሱ መኪና የሚያልፍበት በኩል ነው።

ሐዋሳ በዚህ ላይ የራሷ ፈተና አለባት። ሐይቁ ከከተማው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ዕይታውም፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም፣ ክፉው ፀሐይም በአንድ በኩል ይመጣሉ። ባለ ሪዞርቱ ወደዚያ ሰፊ መስታወት ቢከፍት አልፈርድበትም፤ እንግዳው ሐይቁን ሊያይ ነው የከፈለው። ፒፔት ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ሐይቁ ቢያምረው በሻይ ሰዓት ዳርቻው ላይ ፍቅር ሐይቅ ወርዶ ይየው። ላቦራቶሪው ከምዕራብ የሚፈልገው ነፋሱን ብቻ ነው። ለነፋስ ደግሞ ጥላ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ይበቃል፤ የፎቅ ቁመት ያለው መስታወት አያሻውም።

ካርቶን መለጠፍ የእኛ ብቻ ገመና እንዳይመስላችሁ። በፊላደልፊያ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሉዊስ ካን የነደፈው የሪቻርድስ የሕክምና ምርምር ሕንፃ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሥነ ሕንፃው ዓለም አጨበጨበለት፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለእሱ ብቻ ዐውደ ርእይ አዘጋጀለት። ውስጥ የሚሠሩት ሳይንቲስቶች ግን ፀሐዩ ዓይናቸውን ሲወጋቸው መስኮቱ ላይ ወረቀትና ፎይል ለጠፉ። ቴክኒሻናችን ይህን ቢሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም። ልዩነቱ፣ ካን ከስህተቱ ተማረ። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ላ ሆያ ላይ፣ የፖሊዮ ክትባትን ላገኘው ለጆናስ ሳልክ የሠራው የምርምር ተቋም በ1965 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ፣ የተመራማሪዎቹ የጽሕፈት ክፍሎች ከላቦራቶሪው ተለይተው፣ የራሳቸው ጥላና ነፋስ ኖሯቸው ቆሙ። ቱቦውና ሽቦው ሁሉ ከእያንዳንዱ የላቦራቶሪ ወለል በላይ በራሱ ፎቅ ተቀመጠ፤ መሣሪያ ሲቀየር ግድግዳ ማፍረስ ቀረ። እኛ የስልሳ ዓመቱን ስህተት ገልብጠን እርማቱን ተውነው።

ከሳልክ ተቋም ለእኛ የሚበጀው ያ የጽሕፈት ክፍል ነው። ተመራማሪ ቀኑን ሁሉ ሁድ ሥር አይውልም፤ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ስልክ ያወራል፣ ቡና ይጠጣል። ጠረጴዛው ላቦራቶሪው ውስጥ ከሆነ ቡና የሚጠጣበትም ቦታ በላቦራቶሪ ሕግ መናፈስ አለበት፤ አየሩ በሰዓት ስድስቴ፣ አሥሬ ይለወጥለታል፤ ማራገቢያው የሚጎትተው የአየር መጠን በዚያው ልክ ያብጣል። (ላቦራቶሪ ውስጥ ቡና አይጠጣም የሚል ማስታወቂያ በየበሩ አለ። ስኒው ግን የት እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን።) ጠረጴዛውን አውጥታችሁ በረንዳ ዳር፣ በሁለት በኩል መስኮት ያለው ክፍል ስጡት። በማሽን አየር የሚገባለት ስፋት በዚያው ይቀንሳል፤ ተመራማሪውም ሲጽፍ ዛፍ ያያል።

«ወሬ ነው፤ በተግባር ማን አየ?» ለሚል ሰው ሩቅ አልወስደውም። ናይሮቢ ከፍታዋ ከሐዋሳ ጋር ተቀራራቢ ነው። እዚያ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አዲስ የቢሮ ሕንፃ ለ1,200 ያህል ሠራተኛ ሲሠራ ኤሲ አልተገጠመለትም፤ በመካከሉ ባለው ክፍት ቦታ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በመስኮት ይገባል፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ተነጥፏል። ሐራሬ ላይ ደግሞ የዚምባብዌው አርክቴክት ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት የገበያና የቢሮ ሕንፃ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌሊቱ ብርድ ሲሚንቶውን አቀዝቅዞ ቀኑን በዚያ ይውላል፤ ሐሳቡን የወሰደው ከኩይሳ ነው ይባላል። ሁለቱም ቢሮ እንጂ ላቦራቶሪ አይደሉም። አውቃለሁ፤ ወደዚያው ልመጣ ነው።

የተቃዋሚዬ ጠንካራው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ስለ ባዮሴፍቲስ? ስለ ብክለትስ? የቲሹ ካልቸር ክፍል በመስኮት ሻጋታ ከገባበት የሦስት ወር ድካም ገደል ይገባል። የቲቢ ናሙና የሚከፈትበት ክፍል አየሩ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ግፊቱ ዝቅ ብሎ መታሸግ አለበት። ማስ ስፔክትሮሜትር የሁለት ዲግሪ መዋዠቅ ያስቀይመዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልከራከርበትም። ግን ከሕንፃው ስንቱ ክፍል ነው እንዲህ ያለው? የአፈር ናሙና የሚነፋበት፣ የእንሰት ቅጠል የሚደርቅበት፣ ዕቃ የሚታጠብበት፣ ተማሪ የሚሰበሰብበት፣ ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ ቢሮው ሁሉ ለእነዚህ ጥቂት ክፍሎች ሲባል አብሮ ለምን ይታሸጋል? የተዘጋ ክፍል ያስፈልገናል፤ የተዘጋ ሕንፃ ግን አያስፈልገንም። ጥብቅ ክፍሎቹን ፀሐይ በማይደርስበት በሕንፃው ሆድ አንድ ላይ ሰብስቧቸው፤ ኤሲውም፣ ማጣሪያውም፣ መጠባበቂያ መብራቱም ለእነሱ ብቻ ይሁን። ዙሪያቸውን የሚከቧቸው ክፍሎች በመስኮት ይተንፍሱ።

ቲሹ ካልቸሩ ራሱ እንኳ የምናስበውን ያህል እስረኛ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ለታዳጊ አገሮች ዝቅተኛ ወጪ ያላቸውን የቲሹ ካልቸር ዘዴዎች በሚዘረዝር ሰነድ ውስጥ፣ ችግኞቹን በአምፖል ፋንታ በተፈጥሮ ብርሃን ማሳደግ አንዱ አማራጭ ሆኖ ቀርቧል። የሙዝ ችግኝ እንዲህ ተሞክሯል። የእኛን እንሰት ማን ከለከለው? በእንሰት የሚኖር ሕዝብ መሃል የቆመች ከተማ፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርሻ ኮሌጅ ያላት ከተማ፣ ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድማ ልትጠይቅ ይገባት ነበር።

መብራታችን ከውኃ ነው ወደሚለው ልምጣ። ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ግን ሐዋሳ ላይ መብራት የሚያጠፋው ግድብ አይደለም። የሰፈር ትራንስፎርመር ነው፤ ዝናብ የጣለው ዛፍ፣ የላላ ሽቦ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መስመር ነው። መብራቱ በጠፋባት ደቂቃ ደግሞ ላቦራቶሪው የውኃ ልጅነቱ ይቀርና የናፍጣ ልጅ ይሆናል። ያ ሁሉ ኤሲና ማራገቢያ በጄነሬተር ላይ ይወድቃል። ጄነሬተሩም በካታሎጉ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም፤ 1,700 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አቅሙ ይቀንሳል። ገዢው ይህን ሳያሰላ ያመጣውና በመጀመሪያው ሳምንት «ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል።

በሌላ አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓርብ አመሻሽ መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ ራሱ ይነሳል የተባለለት ነበር፤ ባትሪው ሞቶ ስለነበር አልተነሳም። ዘበኛው ለሁለት ሰው ደወለ፤ አንዱ ስልኩ ዝግ ነው፣ አንዱ ለቅሶ ሄዷል። ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከፍሪዘሩ ሥር የወጣው ውኃ ኮሪደሩ ደርሷል። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከሦስት ወረዳ ያሰባሰበችው የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ያሳወቁት፣ እስከ ዛሬ የገበሬውን ጓሮ የሚያደርቀው በሽታ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ስማቸውን አነበበችና መልሳ አስቀመጠቻቸው።

ጥፋቱ የባትሪው ነው ትሉኛላችሁ። እኔ የሕንፃው ነው እላለሁ። ያረጀ ዲፕ ፍሪዘር በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ የበላውን ሁሉ ወደ ክፍሉ በሙቀት ይመልሳል። አሥር ፍሪዘር በታሸገ ክፍል ውስጥ መደርደር ሁለት ምጣድ ቀንና ሌሊት ጥዶ መተው ነው፤ ያንን ሙቀት ለማውጣት ሌላ ኤሲ፣ ኤሲውን ለመሸከም ትልቅ ጄነሬተር፣ ለጄነሬተሩ ናፍጣ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ደግሞ ከሁሉ በሳሳው ቀለበት ነው። ፍሪዘሮቹን በሰሜን በኩል፣ ነፋስ በሚያልፍበት አንድ ክፍል ሰብስቧቸው፤ ከዜሮ በታች ከ80 ዲግሪ ወደ 70 አንሷቸው፣ ብዙ ተቋማት እንዳደረጉት ከፍጆታቸው ሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል፤ የሕንፃውን ቀሪ ጭነት በጥላና በመስኮት አቅልሉት። ያኔ የሚተርፈው ጭነት ጣሪያው ላይ ያለ ሶላርና አንድ መደርደሪያ ባትሪ ሊሸከሙት የሚችሉት ይሆናል፤ ዘበኛውም ዓርብ ማታ ለማንም አይደውልም። ቆጣቢ ላቦራቶሪ መብራት ሲጠፋ የሚቆም ላቦራቶሪ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ የሀገሪቱ ግማሽ ያህል ሕዝብ ገና መብራት አልገባለትም። ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው ወላይታ ሶዶ የሚነሳው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር ከ2022 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ለኬንያ ኤሌክትሪክ ይሸጣል፤ በዶላር። በካርቶን ጨለማ ውስጥ በቀን የሚበራው አምፖል የሚበላው ያንን ኤሌክትሪክ ነው።

ቅንጦት ነው ስለሚባለው ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ቅንጦቱ የቱ ነው? አሉሚኒየሙና መስታወቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ኤሲው በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ መለዋወጫውም፣ ጋዙም እንዲሁ። ወጣ ያለ ሶሌታ ግን ሲሚንቶ፣ ብረትና አናጢ ነው። የፑሚስ ብሎኬት ስምጥ ሸለቆ ራሱ ያበሰለው ድንጋይ ነው፤ ውኃ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ በአየር የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ቀላል ስለሆነም መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር ለሕንፃው ጫና ይቀንሳል። ቆርቆሮውን ከሶሌታው ከፍ አድርጎ በመካከሉ ነፋስ ማሳለፍ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶዋ ጋንዶ መንደር በ2001 እ.ኤ.አ. በጨረሰው ትምህርት ቤት የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ ሰውዬው በ2022 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕንፃውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተሸልሟል። ጎጆ ቤት እንሥራ እያልኩ አይደለም። የሲዳማን የቀርከሃ ቤት ቅርጽ በሲሚንቶ አስመስሎ መግቢያ ላይ ማቆም ሌላው በሽታችን ነው፤ ከዚያ ቤት የሚወሰደው ቅርጹ ሳይሆን ግድግዳው መተንፈሱ ነው።

ታዲያ እንዲህ ከረከሰ ለምን አይሠራም? የማይሠራው የሚወስነው ሰው ከፋዩ ስላልሆነ ነው። ሕንፃው በካፒታል በጀት ይሠራል፣ መብራቱ በመደበኛ በጀት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሪባን ይቆረጥበታል፤ ሁለተኛው በየወሩ ፋይናንስ ክፍል ጭቅጭቅ ይሆናል። የአማካሪው ክፍያ ብዙ ጊዜ ከግንባታው ዋጋ ጋር ስለሚያድግ ሕንፃው ቢረክስ የሚጎዳው እሱ ነው። ተቋራጩ ቢዘገይ ይቀጣል፤ ክፍሉ ቢፈላ ግን የሚጠይቀው የለም። ተመራማሪው ደግሞ የሚጠራው ቁልፍ ሲረከብ ነው። ያኔ ሁዱን የት ላስቀምጥ ሲል፣ መውጫ ቱቦው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቢም ያገኛል። ቱቦው በመስኮት ይወጣል፤ ትነቱ በጎረቤት መስኮት ይገባል። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ስንት ካሬ መስታወት እንደሆነ በሳንቲም ተጽፏል፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ከስንት ዲግሪ መብለጥ እንደሌለበት የሚል አንድ መስመር ግን የለም። እኔ ብሆን የክፍያውን የመጨረሻ እጅ ይዤ በየካቲት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ቴርሞሜትር ይዤ እገባ ነበር።

ከኃይል ወደ ውኃ አንድ እርምጃ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ይህ እርምጃ ከሌላ ከተማ ይልቅ ከባድ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዓመት ሙሉ ውኃው የሚተወው በአብዛኛው በትነት ነው፤ የገባበት ከባድ ብረትና ኬሚካል እዚያው ይቀራል። ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በሐይቁ ቢልጫ ዓሣ ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ሜርኩሪ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ በልቶ ወደ ላቦራቶሪ ተመልሶ ሪኤጀንቱን በሲንክ የሚያፈስ ሰው የነገ ምሳውን እያዘጋጀ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ሲንክ ከመጸዳጃው መስመር ጋር መገናኘት የለበትም፤ የራሱ ቱቦና የራሱ ማጠራቀሚያ ይኑረው። ይህ ግድግዳ ከቆመ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ዲስቲለሩን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይፈላል፤ በአንድ ቀጭን ቱቦ ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ በሌላ ወፍራም ቱቦ ደግሞ እንፋሎቱን ያቀዘቀዘው ውኃ ሞቆ ወደ ሲንክ ይጎርፋል። አንድ ሊትር ሊሰጠን አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ይጥላል። የሚጣለው ውኃ ምንም አልነካውም፤ ሞቋል እንጂ አልቆሸሸም። አንድ ሮቶ ከሥሩ ቢቀመጥ የዕቃ ማጠቢያው ሙቅ ውኃ እዚያው አለ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ ይህን ያደረገ ላቦራቶሪ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

አረንጓዴ የሚለው ቃል ራሱ የሰለቻቸው ሰዎች አሉ፤ እውነት አላቸው። ሶላር በር ላይ ተተክሎ፣ ሣር ተነጥፎ፣ ውስጡ ያው ምድጃ ሲሆን ማን አይሰለችም? ቢሆንም ከተማችን አንድ ጊዜ ከቦታው ተነስታ አስባ ታውቃለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከፋብሪካዎቹ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የታቀደው። ማጣሪያው ራሱ ኃይል በላተኛ ነው። ግን መነሻው ትክክል ነበር፤ ሐይቁ መውጫ የለውም ብሎ ጀመረ። ላቦራቶሪ የሚነድፍ ሰው ደግሞ አየሩ ደግ ነው፣ ፀሐዩ ከምዕራብ ይመጣል፣ መብራቱ ይሄዳል ብሎ ይጀምር፤ ሌላው ስሌት ነው።

ከዚያ ካርቶን ካለበት ክፍል ልወጣ ስል አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በካርቶኖቹ መጋጠሚያ እየሾለከች ጠረጴዛው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አስምራለች። ቴክኒሻኑ ፕላስተሩን በጥርሱ ነክሶ እንደገና ወንበሩ ላይ ወጣ። አሁን ያመጣው ካርቶን የሪኤጀንት ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ተለጠፈ። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። ከአንዲት ትንሽ የፀሐይ ሥዕል ሥር፣ በሦስት ቋንቋ፣ ከሙቀትና ከብርሃን ይጠበቅ ይላል።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ለዚያ እኮ ነው እዚህ የለጠፍኩት» አለኝና ከወንበሩ እየወረደ ሳቀ።